የጥንት ሰዎች ሰማያዊ ቀለም አይታያቸውም ነበር?

ጥያቄ፦ «የጥንት ግሪኮች ሰማያዊ ቀለም አይታያቸውም ነበር የሚል ቪዲዮ አየሁ። ማስረጃው የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ባሕሩን ‹ወይን መሳይ› ይለዋል እንጂ አንድም ጊዜ ሰማያዊ አላለውም የሚል ነው። እውነት ነው? ቀለም ትርጉሙን የሚያገኘው ከዓይናችን ነው ወይስ ከባህላችን? ይህን ጉዳይ ማጥናት ብፈልግስ ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ ይታያቸው ነበር። የሰው ዓይን በሦስት ሺህ ዓመት ውስጥ እንዲህ አይለወጥም። ቀለም የምንለይባቸው ሦስት ዓይነት የሬቲና (በዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ሕዋሳት የሆሜር ዘመን ሰዎችም ነበሯቸው።

ጥያቄዎን ግን በዚህ ዘግቼ ማለፍ አልፈልግም። ቪዲዮው ስህተት ቢሆንም ከጀርባው ያለው ታሪክ ትልቅ ነው። እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት በኬሚስትሪ በኩል ነው፤ አሮጌ ጨርቅ በምን እንደተነከረ በመመርመር። ቆይቶ ግን ቋንቋ የሚያጠናና ታሪክ የሚያጠና ሰው አጠገቤ ከሌለ አንዲት ክር እንኳ በትክክል ማንበብ እንደማልችል ገባኝ። ስለዚህ ከሦስቱም ወገን እየቀዳሁ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በ1858 ነው። በኋላ አራት ጊዜ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዊልያም ግላድስተን ስለ ሆሜር ሦስት ጥራዝ መጽሐፍ አሳተመ። አንዱን ክፍል የሰጠው ለቀለም ነው። ግጥሞቹን እየለቀመ የቀለም ቃላቱን ቆጠራቸው። ጥቁርና ነጭ ሞልተዋል። ሌላው ግን ግራ የሚያጋባ ሆነበት። ባሕሩ «ወይን መሳይ» ነው፤ በሬዎቹም «ወይን መሳይ» ናቸው። የበጎች ሱፍ በቫዮሌት አበባ ይመሰላል። ሰማዩ አንዴ ብረት፣ አንዴ ነሐስ ነው። ሰማያዊ ሰማይ ግን የለም። ግላድስተን ከዚህ ተነስቶ የጥንት ግሪኮች ቀለም የመለየት ችሎታ ገና በከፊል ብቻ የዳበረ ነበር አለ።

በ1867 ላዛሩስ ጋይገር የተባለ ጀርመናዊ የቋንቋ ሊቅ ሐሳቡን አሰፋው። በሕንድ ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ በቬዳ መዝሙራት፣ ሰማይ ደጋግሞ ይወደሳል፤ ሰማያዊ ነው የሚል ግን አላገኘሁም አለ። በ1877 ደግሞ ሁጎ ማግኑስ የተባለ የዓይን ሐኪም ነገሩን እስከ መጨረሻው ገፋው። ሬቲና ራሱ በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ አድጎ ነው ቀለሞችን አንድ በአንድ የለየው አለ። የእርስዎ ቪዲዮ ያንን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐሳብ ነው እንደ አዲስ ያቀረበው።

ማግኑስን የማከብረው ግን በአንድ ነገር ነው። ሐሳቡን ሊፈትን ተነሳ። መጠይቅና የቀለም ናሙና አዘጋጅቶ ወደ ተለያዩ የዓለም ክፍሎች ላከ። የተመለሰው መልስ ግልጽ ነበር። ለአንድ ቀለም ቃል የሌላቸው ሰዎችም ቀለሙን ከሌላው ለይተው ያያሉ። ማየት አንድ ነገር ነው፣ መሰየም ሌላ። የዛሬው የቀለም ጥናት በዚህ መስመር ላይ የቆመ ነው።

የዕቃዎቹ ምስክርነት ደግሞ አለ። ግብፆች ቢያንስ ከ4,500 ዓመት በፊት ጀምረው ሰማያዊ ቀለም በእጃቸው ይሠሩ ነበር። አሸዋ፣ ኖራና መዳብ ከአመድ ጋር ቀላቅለው እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት ያነድዱታል። የሚወጣውን ሰማያዊ ነገር ፈጭተው ይቀቡታል። የማይታይ ቀለም ለመሥራት ማንም ያን ሁሉ ማገዶ አያነድም። ይህ የግብፅ ሰማያዊ አንድ ድንቅ ጠባይ አለው። ብርሃን ሲበራበት ዓይናችን የማያየው ታሕተ ቀይ ጨረር ይረጫል። በልዩ ካሜራ ሲነሳ፣ ቀለሙ በዓይን ፈጽሞ ከጠፋበት ድንጋይ ላይ እንኳ እንደ ከዋክብት ያበራል። የአቴናው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ የፓርተኖን ቅርጾች ላይ የተገኘው እንዲህ ነው። ዛሬ ነጭ ሆነው የምናያቸው የግሪክ ሐውልቶች በዘመናቸው ቀለም የተቀቡ ነበሩ።

ሆሜርም ቢሆን ጨርሶ ቃል የለውም ማለት ትክክል አይደለም። «ኪያኖስ» የሚል ቃል አለው። በአንድ ቤተ መንግሥት ግድግዳ አናት ላይ የኪያኖስ ጌጥ ይዞራል ይላል። የጥንቷን የግሪክ ከተማ ቲሪንስን የቆፈሩ ሰዎች ደግሞ ሰማያዊ ብርጭቆ የተሰካበት የግድግዳ ጌጥ አግኝተዋል። ግን ይኸው ቃል የጦር ጀግናውን የሄክቶርን ፀጉር ለመግለጽም ያገለግላል፤ የአማልክቱን አለቃ የዜኡስን ቅንድብም። ፀጉሩ ሰማያዊ ነበር ማለት አይደለም። ጠቆር ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ነበር ማለት ነው።

ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሆሜር የቀለም ቃላት እንደኛዎቹ አልተቆረጡም። እኛ ዛሬ «ምን ቀለም ነው?» ስንል የምንጠይቀው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀይ ነው፣ ቢጫ ነው፣ አረንጓዴ ነው። የሱ ቃላት ግን ብርሃኑን፣ ጥልቀቱን፣ እርጥበቱን ጭምር ይይዛሉ። «ክሎሮስ» የሚለው ቃል በኋላ አረንጓዴ ማለት ሆነ። ሆሜር ግን ለማር ይጠቀምበታል፤ ገና ለተቆረጠ እንጨትም፣ ለፍርሃትም። እንጨቱ እርጥብ ነው። ማሩ ትኩስ ነው። የፈራ ሰው ፊቱ ይገረጣል። ቃሉ የሚከተለው ይህን ነው።

እንግዳ ነገር ከመሰለዎት የራሳችንን ቋንቋ ያዳምጡት። «ቀይ ሰው» ስንል የደምን ቀለም አስቦ የሚደነግጥ አለ? ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር ብለን ስንመድብ የቆዳን ብርሃንና ጥላ ነው የምንለካው። «ሰማያዊ» ራሱ የሰማይ ማለት ነው፤ ዕቃውን ጠርተን ነው ቀለሙን የሰየምነው። ወይን ጠጅ የሚባል ቀለም አለን፤ ግን ጠጅ ነው ብለን አንጠጣውም። ከሦስት ሺህ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ቃላችንን ብቻ ይዞ «እነዚህ ሰዎች ቀይ ቆዳ ነበራቸው» ቢል ምን ይሰማናል? ግላድስተን ሆሜር ላይ የሠራው ይህንኑ ነው።

ይህን ነገር በደንብ ያሳየኝ የአንትሮፖሎጂ ሊቁ የሃሮልድ ኮንክሊን ሥራ ነው። ኮንክሊን በ1955 በፊሊፒንስ ሚንዶሮ ደሴት ስለሚኖሩት ሃኑኖኦ የተባሉ ሰዎች ጻፈ። አራት ዋና የቀለም ቃል አላቸው። በግርድፉ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይና አረንጓዴ ሊባሉ ይችላሉ። ኮንክሊን ግን ቆይቶ እንዳስተዋለው ሁለቱ ቃላት ጨለማና ብርሃንን ሲለዩ ሌሎቹ ሁለቱ ደረቅንና እርጥብን ይለያሉ። ገና የተቆረጠ ቀርከሃ ውስጡ ቡናማ ነው፤ ግን እርጥብና የሚያብለጨልጭ ነው። ስለዚህ «አረንጓዴ» በሚባለው ቃል ይጠራል። የቀለም ካርድ ዘርግቶ «ይህ ምን ይባላል?» የሚል ሰው ይህን መቼም አያገኘውም። ካርድ አይረጥብም።

ካርድ የዘረጉት ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር አገኙ። በ1969 ብሬንት በርሊንና ፖል ኬይ የተባሉ ተመራማሪዎች 98 ቋንቋዎችን አነጻጸሩ፤ 20ዎቹን በቀጥታ ተናጋሪዎቹን ጠይቀው፣ የቀሩትን ከጽሑፍ። ቋንቋዎች መሠረታዊ የቀለም ቃላትን የሚጨምሩት በዘፈቀደ አይደለም አሉ። ሁለት ቃል ያለው ቋንቋ ብርሃንና ጨለማን ይለያል። ሦስተኛው ቀይ ነው። ከዚያ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ይመጣል። ሰማያዊ ከነሱ በኋላ ነው፤ ቡናማ ደግሞ ከሰማያዊ በኋላ። በኋላ 110 ጽሕፈት የሌላቸው ቋንቋዎች ላይ በተደረገ ጥናት ቅደም ተከተሉ ብዙ ማስተካከያ አስፈልጎታል፤ ዋናው አቅጣጫ ግን አልፈረሰም። የኔ አቋም ሁለቱንም ይዞ መሄድ ነው። በርሊንና ኬይ የሰው ልጅ የጋራ ዓይን እንዳለው አሳዩ። ኮንክሊን ደግሞ ዓይን ብቻውን ቃል እንደማይፈጥር አሳየ።

ሰማያዊ ለምን ዘገየ? አንዱ ምክንያት ከእጅ ጋር የተያያዘ ነው። ቀይ አፈር በየቦታው አለ። በደቡብ አፍሪካ ብሎምቦስ ዋሻ ውስጥ ከ100,000 ዓመት በፊት ቀይ አፈር ተፈጭቶ በባሕር ዛጎል ውስጥ የተበጠበጠበት ዕቃ ተገኝቷል። ሰማያዊ ግን እንዲህ አይታፈስም። ሰማይና ባሕር ሰፊ ቢሆኑም ወስደህ የምትቀባቸው፣ የምትሰጣቸው፣ ከሌላው መርጠህ «ያኛውን አምጣ» የምትላቸው ነገሮች አይደሉም። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ከዚህ ጋር ይገጥማል። በብዙ ቋንቋዎች ሰዎች ሞቃታማዎቹን ቀለሞች፣ ቀይንና ቢጫን፣ ከቀዝቃዛዎቹ ይልቅ በቀላሉ ይግባቡባቸዋል። ትኩረታችንን የሚስቡ ነገሮች በብዛት ሞቃታማ ቀለም ስላላቸው፣ ከጀርባቸው ያለው ዳራ ደግሞ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው ይላሉ ተመራማሪዎቹ። ቃል የሚወለደው ስለሚያስፈልግ ነው።

ታዲያ ቃሉ ከተወለደ በኋላ ዓይንን ይለውጣል? ትንሽ ይነካዋል። ሩሲያኛ ለሰማያዊ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት፤ ጠቆር ላለው «ሲኒ»፣ ፈካ ላለው «ጎሉቦይ»። በ2007 በታተመ ሙከራ ሩሲያኛ ተናጋሪዎች ሁለት ሰማያዊ ቀለሞች በተለያዩ ቃላት ሥር ሲወድቁ ልዩነቱን ቶሎ ያዩ ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ላይ ይህ አልታየም። ሩሲያውያኑ በልባቸው ቁጥር እየደጋገሙ እንዲሠሩ ሲደረግ ግን ብልጫው ጠፋ። ቋንቋው ሥራ ሲይዝ እገዛው ቀረ ማለት ነው። ልዩነቱም የሰከንድ ቁራጭ ነው። ቃል ዓይንን ይገፋዋል እንጂ አያሳውረውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። የቀለም ትርጉም ከዓይን ነው ወይስ ከባህል? እኔ ሦስተኛ መልስ አለኝ፤ ከሁለቱም በፊት ዕቃው አለ። አንድ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ ከመጠየቅ በፊት ከምን ተሠራ፣ ማን ሠራው፣ ማን ሊገዛው ቻለ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ሐምራዊን እንውሰድ። የነገሥታት ቀለም ነው ይባላል። ለምን? በተፈጥሮው ንጉሣዊ ስለሆነ አይደለም። በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ስለሚወጣ ነው። በ1909 ፖል ፍሪድሌንደር የተባለ ኬሚስት ቀለሙን ለመመርመር 12,000 ቀንድ አውጣዎች ፈጀ። ያገኘው ንጹሕ ቀለም 1.4 ግራም ብቻ ነበር። እስቲ ከዚህ ተነስተው የአንድ ካባ ዋጋ ያስቡ። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ በ301 ባወጣው የዋጋ አዋጅ ሐምራዊ የተነከረ አንድ ፓውንድ ሐር ጣሪያው 150,000 ዲናር ነው። በዚሁ አዋጅ የአንድ የእርሻ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ 25 ዲናር ነው። ሰውየው ያለ ዕረፍት 16 ዓመት ከሠራ በኋላ ነው ያንን ሐር የሚገዛው፤ ያውም ከደመወዙ ምንም ሳያወጣ። የሐምራዊ ክብር የተሠራው ከዚህ ነው። በ2021 ደግሞ በደቡብ እስራኤል በቲምና ሸለቆ፣ በበረሃ መሐል ባለ የመዳብ ማዕድን ቦታ፣ በዚሁ እውነተኛ ሐምራዊ የተነከሩ የሱፍ ቁርጥራጮች መገኘታቸው ተገለጸ። ዕድሜያቸው ወደ 3,000 ዓመት ነው። ከባሕር ያን ያህል ርቆ፣ በማዕድን ሠፈር ውስጥ ይህን የለበሰ ሰው ነበረ። አንድ ክር እዚያ ሥልጣን እንደነበረ ይናገራል።

ከዚያ 1856 መጣ። ለንደን ውስጥ የ18 ዓመቱ ዊልያም ፐርኪን የወባ መድኃኒት ኪኒንን ለመሥራት ሲሞክር ከድንጋይ ከሰል ዝቃጭ በተገኘ ነገር ሐምራዊ ማቅለሚያ አገኘ። ወዲያው ፋብሪካ ከፈተ። ቀለሙ በአጭር ጊዜ መንገድ ለመንገድ የሚታይ ሆነ። የሰው ዓይን አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዋጋው ነው። ትርጉሙም አብሮ ወረደ።

ሰማያዊ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ላይ ወጣ። ፈረንሳዊው የታሪክ ሊቅ ሚሼል ፓስቱሮ እንዳሳየው ሮማውያን ሰማያዊን እምብዛም አይወዱትም ነበር፤ የሰሜን ባዕዳን ቀለም ነበር። ቄሳርም ብሪታንያውያን ሰውነታቸውን ሰማያዊ ይቀባሉ ብሎ ጽፏል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነገሩ ተገለበጠ። ድንግል ማርያም በምዕራብ አውሮፓ ደማቅ ሰማያዊ ካባ ለብሳ መሳል ጀመረች። የፈረንሳይ ነገሥታትም ሰማያዊን ያዙ። ምርጡ ሰማያዊ የሚፈጨው ከአፍጋኒስታን ባዳክሻን ተራሮች ከሚወጣ ላፒስ ላዙሊ ድንጋይ ነበር። ስሙም «አልትራማሪን» ተባለ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማለት ነው። በ1485 ፍሎረንስ ውስጥ ሠዓሊው ጊርላንዳዮ የፈረመው ውል አለ። ውሉ ሰማያዊው ኦንሱ አራት ፍሎሪን (የፍሎረንስ የወርቅ ሳንቲም) ገደማ የሚያወጣ አልትራማሪን እንዲሆን ያዝዛል። ካባው ላይ ያለው ሰማያዊ ጸሎት ነው፤ ወጪም ነው። ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት ስህተት ይመስለኛል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ስለ ቀለም ውበት ሲጻፍ የሠራው እጅ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ኢንዲጎ፣ ሰማያዊ ማቅለሚያ የሚወጣበት ተክል፣ የአሜሪካንና የካሪቢያንን እርሻዎች ያበለጸገው በባርነት በተያዙ ሰዎች ጉልበት ነው። በሕንድ ቤንጋል ገበሬዎች በ1859 አንተክልም ብለው አመፁ። ጋንዲም በ1917 በቻምፓራን የቆመው ኢንዲጎ እንዲተክሉ ለተገደዱ ገበሬዎች ነው። የነዚህ ሰዎች ድካምም የሰማያዊ ትርጉም አካል ነው ብዬ አምናለሁ።

«ቀይ ፍቅር ነው፣ ነጭ ንጽሕና ነው፣ ጥቁር ሐዘን ነው» የሚሉ ሰንጠረዦችን ስለዚህ አይመኑ። ነጭ በምሥራቅ እስያ ለረጅም ዘመን የሐዘን ልብስ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ንግሥቶችም ባላቸው ሲሞት ነጭ ይለብሱ ነበር። ነጭ የሙሽራ ቀሚስ በአውሮፓ ፋሽን ሆኖ የተስፋፋው ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 ከለበሰችው ወዲህ ነው። ሮዝ ለሴት ልጅ፣ ሰማያዊ ለወንድ የሚለውም ቢሆን ጥንታዊ አይደለም። በ1918 አንድ የአሜሪካ የልብስ ንግድ መጽሔት ሮዝ ጠንካራ ስለሆነ ለወንድ ይሻላል ብሎ ጽፏል። በዚያ ዘመን ተቃራኒውን የሚሉም ነበሩ። ገና የጸና ደንብ አልነበረም።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ ምክሬ ጠበብ አድርገው ይያዙ የሚል ነው። «የቀለም ታሪክ» ብለው አይጀምሩ። አንድ ቀለም፣ አንድ ዘመን፣ አንድ ቦታ ይምረጡ። ከዚያ ሦስት ነገር ጎን ለጎን ይሰብስቡ። አንደኛው ቃሉ ነው፤ በዚያ ዘመን ጽሑፍ ውስጥ ቃሉ የገባበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ይቅዱ፤ ለምን ለምን ነገር እንደዋለ ይመልከቱ። መዝገበ ቃላት አይበቃም። ሁለተኛው ወረቀቱ ነው፤ የዋጋ ዝርዝር፣ የንብረት መዝገብ፣ ማን ምን መልበስ እንደሚፈቀድለት የሚደነግግ ሕግ። በ1574 የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሐምራዊ ሐርን ለንጉሣውያን ቤተሰብ፣ በተወሰነ መልኩም ለጥቂት ከፍተኛ መኳንንት ብቻ ፈቅዳ ነበር። ሕግ የሚከለክለው ሰዎች ሲያደርጉት የነበረውን ነው፤ ስለዚህ ክልከላውን እንደ ምስክር ያንብቡት። ሦስተኛው ዕቃው ራሱ ነው። ለዚህ የላቦራቶሪ ሰው ያስፈልግዎታል። ቀድመው ይቅረቡት፤ መጨረሻ ላይ «እስቲ ይህን መርምርልኝ» ብሎ መሄድ ጥያቄውንም ያበላሻል። በኤክስሬይ የሚሠራው መሣሪያ ማዕድናትን ይለያል፤ አብዛኞቹን የተክል ማቅለሚያዎች ግን አያያቸውም። የቀንድ አውጣው ሐምራዊ ብሮሚን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለበት በዚህ መሣሪያ ሊጠረጠር ይችላል። ሌሎቹን ለመለየት ጥቂት ሚሊሜትር ክር መቁረጥ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያንን ለመፍቀድ ደግሞ ሙዚየሞች ቶሎ እሺ አይሉም፤ ልክም ናቸው።

ከሁሉ በላይ ዛሬ የሚያዩት ቀለም የዚያን ዘመን ቀለም ነው ብለው አይነሱ። በድሮ አውሮፓ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ባለሥዕል ሽመናዎች ላይ ዛፎቹ ሰማያዊ ሆነው ያገኟቸዋል። ጀማሪ ሆኜ ሳለሁ እዚያ ውስጥ ምሥጢራዊ ትርጉም ስፈልግ ብዙ ጊዜ አጥፍቻለሁ። ክሩ መጀመሪያ ሰማያዊ ተነክሮ በላዩ ቢጫ የተጨመረበት ነው፤ አረንጓዴ የሚሠራው እንዲህ ነበር። ቢጫው በብርሃን ቶሎ ይጠፋል፣ ሰማያዊው ይቀራል። ባለቤቱ ከፈቀደልዎ ሽመናውን አገላብጠው ጀርባውን ይዩት። ብርሃን ያላገኘው አረንጓዴ እዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል።